ስለ ማደሪያው ጠባቂ

ከደሴ ተነሥቶ በደብረ ብርሃንና በሰንዳፋ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ መንገደኛ፥ ዋናዋ ከተማ ገና ሳትታየው፥ ለገዳዲ ከምትባለው አገር ይደርሳል። ስሙን ከኦሮምኛው ቃል በቃል የፈታው እንደ ሆነ፥ ለገ ወንዝ፥ ዳዲም ጠጅ ነውና፥ የጠጅ ወንዝ ማለት ይሆንለታል፤ ዛሬ ግን የአገሩ ዝና በጠጅ ሳይሆን በውሃ ነው፤ ይኸውም በ1962 ዓ.ም. ገደማ ወንዙ በግድብ ታግዶ ሐይቅ ከሆነ ወዲህ፥ እየተጣራ በቧንቧ ወደ አዲስ አበባ ስለሚወርድ፥ ለገዳዲን በዓይኑ አይቶ የማያውቀው የከተማ ሰው ሳይቀር ከለገዳዲ ይጠጣል። የእኅቴ ልጅ ባለፈው ዓመት በዚህ መንገድ ስትመጣ ይህን ሁሉ አላወቀችም፤ በአውቶቡሱ መስኮት ልብ ብላ ያየችው ነገር ቢኖር አንድ የክሊኒክ ሰሌዳ ነበር፤ እርሱንም ያየችው፥ የራበው ሰው በገበያ መካከል የዳቦ ቤቱን ደጅ አስቀድሞ እንደሚያይ ነው።

ልጅቱ በነርስነት ሙያ በዲግሪ ተመርቃለች። አራት ዓመት ተምራ፥ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለምሩቃን የተደነገገውን የመውጫ ፈተና አልፋ፥ ደግሞም ለጤና ባለሙያ የሚሰጠውን የሙያ ፈቃድ ፈተና ተፈትና፥ ወረቀቶቿን ከነጭ ጋውኗ ጋር በአንድ ፌስታል አድርጋ ወደ ቤቴ ስትገባ፥ እኔ የዘመኑን ነገር በውል የማላውቅ ሽማግሌ፥ ሥራው በደጅ ቆሞ የሚጠብቃት መስሎኝ ነበር። በእኛ ጊዜ ነርስ ማለት መንግሥት ፈልጎ የማያገኘው ሰው ነበረ፤ በገጠርማ አንድ ድሬሰር ከተገኘ ሕዝቡ ሐኪም ብሎ ይጠራውና በበቅሎ ያስመጣው ነበር። ዛሬ ሐኪሙም ነርሱም ተመርቆ ከእናቱ ቤት የሚቀመጥበት ጊዜ ደርሶ፥ በትውልድ አገሯ ያንኳኳቻቸው በሮች ሁሉ በጀት የለም በሚል ቃል ስለ ተዘጉባት፥ ሰበታን፥ ቡራዩን፥ ሱሉልታንና ለገጣፎ ለገዳዲን፥ ሸገር ከተማ በሚል አንድ ስም የተጠቃለሉትን እነዚያን ከተሞች፥ ሦስት ወር ሙሉ በታክሲና በእግሯ ዞረቻቸው። የክልሉ የሥራ ቋንቋ ኦሮምኛ ነውና፥ እርሷም ገና አታውቀውምና፥ የመንግሥቱን ቅጥር ተወችው፤ በግል ክሊኒኮች ደጅ የሚለጠፈው ማስታወቂያ ደግሞ፥ ደመወዙን «በስምምነት» የሥራ ልምዱን «ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ» ይላል። ልምድ የሌለው አይቀጠርም፤ ያልተቀጠረም ልምድ አይኖረውም፤ ይህን የመሰለ እንቆቅልሽ ባገራችን ቅኔ ቤት እንኳ ሲዘረፍ አልሰማሁም።

በመጨረሻም «ዜሮ ዓመት» የሚል አንድ ወረቀት ያየችው፥ በዚያው በመጀመሪያ ቀን በመስኮት ባየችው ክሊኒክ በር ላይ ሆነና ለገዳዲ ላይ ተቀጠረች። ከወር በኋላ፥ በዐቢይ ጾም አጋማሽ ላይ፥ እኔን ልትጠይቅ መጥታ ሽሮ ስንበላ፥ ለብዙ ቀን ያብሰለሰለችውን ነገር እንዲህ ብላ አወጣችው። «አጎቴ፥ አንድ ሰባኪ ሲናገር ሰማሁ፤ በደመወዝ ድውይ የሚያስታምም ሰው ዋጋውን በምድር ተቀብሏል፥ በሰማይ የሚጠብቀው የለም ይላል። እኔ ደግሞ ወደ ለገዳዲ የሄድኩት ሰው ልረዳ ብዬ ነው ብል እግዚአብሔር ይታዘበኛል፤ የሄድኩት ሥራ አጥቼ ነው፤ ወገኖቼ ዘንድ ቦታ ባገኝ ኖሮ አገሩን አላየውም ነበር። ታዲያ ሌሊት እየተነሣሁ የማደርገው ነገር ምሕረት ይባላል ወይስ እንጀራ ይባላል? እርስዎ ምን ይላሉ?»

እኔም ወዲያው አልመለስኩላትም። በእርግጥ ጥያቄዋ ሁለት ነው፤ አንደኛው ስለ ዐስብ፥ ማለት ስለ ደመወዝ ነው፤ ሁለተኛው ስለ ስፍራ ነው። ሰው በደመወዝ የሚሠራው ሥራ ጽድቅ ይሆናልን? ደግሞስ ወድዶ ባልመረጠው አገር፥ ወገኑ ባልሆነ ሕዝብ መካከል የሚሠራው ሥራ ጥሪ ይባላልን? ይህን ሳስብ ሰነበትኩና ያሰብኩትን እዚህ እጽፈዋለሁ።

ጊዜው የመጻጕዕ ሳምንት ነበረ። ቤተ ክርስቲያናችን የዐቢይ ጾምን አራተኛ እሑድ በዚያ ሠላሳ ስምንት ዓመት በአልጋ ላይ በኖረው ድውይ ስም መጻጕዕ ብላ ስትጠራ፥ ምእመናን ብዙውን ጊዜ የሚያስታውሱት አልጋውን ተሸክሞ መሄዱን ነው፤ እኔን ግን ከልጅነቴ ጀምሮ የሚያስደንቀኝ ልትድን ትወዳለህን ተብሎ በተጠየቀ ጊዜ የሰጠው መልስ ነው። ስለ ደዌው አንድ ቃል አልተናገረም። ቤተ ሳይዳ የተባለችው መጠመቂያ አምስት እርከን ያላት ሕንፃ ነበረች፤ ውሃው ነበረ፤ ውሃውን የሚያናውጠው መልአክም በጊዜው ይወርድ ነበረ፤ ሁሉ ተሟልቶ ሳለ የጎደለው ከአልጋው እስከ ውሃው ያለችውን ጥቂት ርምጃ የሚያደርሰው ሰው ነበረ፤ ድውዩም የከሰሰው ይህንኑ ነው። እዚህ ላይ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ነገር አለ፤ ያ ሰው የሚወድደውን ሰው አልፈለገም፤ የሚያዝንለትንም አልፈለገም፤ የፈለገው የሚሸከመውን ነው። በዕለት ዋጋ የተቀጠረ አንድ ተሸካሚ ቢያገኝ ኖሮ ሠላሳ ስምንቱ ዓመት በአንድ ቀን ባለቀ ነበር። በእኛም ከተማ ራስ ተፈሪ ያሠሩት ሆስፒታል በመጀመሪያ የተጠራው በዚህችው በቤተ ሳይዳ ስም ነበር፤ በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፥ ዛሬም የካቲት 12 የሚባለው ማለት ነው፤ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል በ1942 ዓ.ም. ገደማ የነርሶች ትምህርት ቤት የከፈተው በዚያው ግቢ መሆኑን ባሰብኩ ቍጥር፥ አስበውበት ይሁን ሳያስቡት አላውቅም፥ ለመጻጕዕ አቤቱታ ከብዙ ዘመን በኋላ መልስ የተሰጠው ይመስለኛል።

የዐስቡን ነገር ግን የሚፈታው ሌላ ታሪክ ነው። የደጉን ሳምራዊ ምሳሌ ያልሰማ ክርስቲያን የለም፤ ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ ሲወርድ በወንበዴዎች እጅ የወደቀውን ሰው፥ ካህኑና ሌዋዊው አይተው ካለፉት በኋላ፥ ከአይሁድ ጋር የማይተባበረው ሳምራዊ ቁስሉን በዘይትና በወይን አክሞ፥ በራሱ ከብት ላይ ጭኖ ወደ እንግዶች ማደሪያ አገባው። ሰባክያን ሁሉ ስብከታቸውን እዚህ ላይ ይፈጽማሉ። ታሪኩ ግን አልተፈጸመም፤ ምክንያቱም ሳምራዊው በዚያ ያደረው አንድ ሌሊት ብቻ ነው፤ በማግሥቱ መንገደኛ ነውና ለማደሪያው ጠባቂ ሁለት ዲናር ሰጥቶ፥ የሚጎድለውንም በመልሱ ሊከፍለው ቃል ገብቶ ሄደ። ከአበው አንዳንዶቹ ማደሪያውን በቤተ ክርስቲያን፥ ጠባቂውን በመምህራን፥ ሁለቱን ዲናር በብሉይና በሐዲስ መስለው ተርጕመውታል፤ ትርጓሜው የከበረ ነው፤ እኔ ግን ለጊዜው ዲናሩን ዲናር ብዬ፥ ጠባቂውንም ጠባቂ ብዬ ላንብበው። ዲናር በዚያ ዘመን ለወይን ሠራተኛ የአንድ ቀን ደመወዝ ነበረ፤ እንግዲህ ሳምራዊው የሁለት ቀን ደመወዝ ከፍሏል ማለት ነው። ያ ቁስለኛ ስንት ቀን ተኛ? ቁስሉ ሲያመረቅዝ ማን አጠበው? ሌሊት ሲቃዥ ውሃ ማን አቀበለው? ከበታቹ ማን አጸዳለት? ወንጌሉ ዝም ይላል፤ ነገር ግን ሌላ ሰው አልነበረምና ያው ጠባቂው ነው። ወገኑ ምን እንደ ነበረ አልተጻፈም፤ ስሙ አልተጻፈም፤ እርሱ በሽተኛውን ሊፈልግ ወደ በረሃ አልወረደም፤ በሽተኛው በከብት ተጭኖ ወደ እርሱ መጣ እንጂ። ያደረገውንም በዋጋ አደረገው። የሳምራዊው ምሕረት አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ነበረ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ምሕረት ሁሉ የተፈጸመው በደመወዝተኛ እጅ ነው፤ ያ እጅ ባይኖር ኖሮ ዘይቱና ወይኑ ከንቱ በሆነ፥ ቁስለኛውም በበረሃው ፈንታ በማደሪያው ውስጥ በሞተ ነበር።

ስለዚህ ያንን ሰባኪ ባገኘው፥ ማደሪያውን የሚጠብቀው ሰው ዋጋውን ስለ ተቀበለ ከምሕረቱ ወጥቷል ወይ ብዬ እጠይቀው ነበር። ከዚህም ይልቅ የሚያስገርመኝ፥ ሳምራዊው ጠባቂውን፥ ይህ ሥራህ የተቀደሰ ጥሪ ነውና በነፃ አድርገው አለማለቱ ነው። በዘመናችን ይህን ቃል በየስብሰባው እሰማዋለሁ፤ ነርሶች ደመወዛችን የቤት ኪራይ አይከፍልም ባሉ ጊዜ፥ ሙያው እኮ የርኅራኄ ሙያ ነው ተብለው ይመከራሉ፤ የሚመክራቸው ሰው ግን የራሱን ደመወዝ በርኅራኄ ሲተው አላየሁም። ጥሪ የሚለው ቃል የተቀጣሪውን ዐስብ ለማስቀረት ሲነገር ከስድብ ቍጥር ነው። ሳምራዊው ርኅሩኅ መሆኑ ከታወቀባቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ነው፤ ከፈለ፤ አስቀድሞ ከፈለ፤ የጎደለውንም ለመሙላት ቃል ገባ። የእኅቴ ልጅ የተቀጠረችበት ክሊኒክ፥ ስሙን አልናገርም፥ የመጀመሪያውን ወር «ሙከራ ነው» ብሎ ግማሹን ብቻ እንደ ከፈላት በሰማሁ ጊዜ፥ በአእምሮዬ የመጣው ሳምራዊው አልነበረም።

የስፍራው ጥያቄ ከዚህ ይከብዳል። ከክልሉ ወጥቶ እንዲሠራ ከታዘዙት ሰዎች ሁሉ ነገሩ በግልጥ የተጻፈለት ዮናስ ነው። ነቢዩ ወደ ነነዌ ሂድ ተባለ፤ ነነዌ የወገኖቹ ጠላት ከተማ ነበረችና አልወደደም፤ ከኪሱ ዋጋ ከፍሎ ወደ ተርሴስ በሚሄድ መርከብ ተሳፈረ። ባገራችን ለሐኪሞች ዕጣ እየተጣለ ምድብ በሚወጣበት ዘመን፥ ሩቅ ጠረፍ የደረሰው ወጣት ዕጣውን ለመለወጥ የሚያደርገውን ሩጫ ያየ ሰው፥ ዮናስን አይፈርድበትም። ዕጣ በመርከቡ ላይ በዮናስ ላይ ወጣበት፤ ዓሣ ነባሪው ዋጠው፤ ተፍቶትም ነነዌ ገባ። እንግዲህ በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ያለው ድንቅ፥ እኛ በየዓመቱ ሦስት ቀን የምንጾምለት የነነዌ መዳን፥ በዮናስ ፍቅር የተፈጸመ አለመሆኑ ነው። ዮናስ ሥራውን ሠራ እንጂ ሕዝቡን አልወደደም፤ ከተማይቱ ስትድን ተቈጣ። ሥራው ግን ሠመረ። እንዲሁ ሁሉ ነርሲቱ ብታዝንም ባታዝንም በጊዜው የተሰጠው መድኃኒት ትኵሳቱን ያበርዳል፤ ለድውዩ ይህ ይበቃዋል፤ መጻጕዕም ከዚህ የበለጠ አልለመነም። ያልበቃው ለዮናስ ለራሱ ነው፤ ያን ሁሉ ሕዝብ ካዳነ በኋላ ከከተማይቱ ውጭ ጥላ የሆነችው ቅል ደርቃበት ብቻውን ተቀምጦ ሞትን ሲመኝ እናየዋለን፤ መጽሐፉም በእግዚአብሔር ጥያቄ ያበቃል እንጂ የዮናስን መልስ አይነግረንም።

ሌላም ሰው ትዝ ትለኛለች፤ እርሷም ከነገሥታት ወገን ናት። በ1928 ዓ.ም. ጣልያን አገራችንን ሲወርር ከአባትዋ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጋር ወደ እንግሊዝ የተሰደደችው ልዕልት ፀሐይ፥ በስደት ዘመንዋ ነርስነት ልትማር ለንደን ወደሚገኘው ግሬት ኦርመንድ ስትሪት ወደተባለው የሕፃናት ሆስፒታል ገባች፤ የምስክር ወረቀትዋንም ተቀብላ፥ ጀርመኖች ለንደንን በቦምብ በሚደበድቡበት ጊዜ የባዕድ አገር ቁስለኞችን አስታመመች። የንጉሥ ልጅ በሰው አገር የሕፃናት መጸዳጃ ስታጥብ ማሰብ ለዚያ ዘመን ሰው ቀላል ነገር አልነበረም። ነገር ግን ልብ በሉ፤ ወደዚያ ሆስፒታል ያደረሳት ስደት ነው። አገርዋ ባትወረር፥ አባትዋ ዙፋኑን ትቶ ባይወጣ፥ ምናልባት ከቤተ መንግሥቱ ግቢ ወጥታ የድውይ አልጋ ባላነጠፈች ነበር። ከነፃነት በኋላ ወደ አገርዋ ተመልሳ፥ ሌተና ኮሎኔል ዐቢይ አበበን አግብታ ወደ ወለጋ፥ ወደ ነቀምቴ ሄደች፤ በዚያም በ1934 ዓ.ም. ክረምት፥ በሃያ ሁለት ዓመትዋ፥ በእርግዝና ምክንያት ሞተች። እንግሊዛዊቱ ሲልቪያ ፓንክረስት በአገርዋ ገንዘብ እየሰበሰበች የረዳችው፥ በልዕልቲቱ ስም የተሠራው መታሰቢያ ሆስፒታል የነርሶች ትምህርት ቤት ነበረበት፤ ከዚያም የወጡ ልጆች እስከ ጠረፍ ድረስ ተበትነዋል። ከለንደን ይልቅ በዚያን ጊዜ ነርስ የሚያስፈልጋት ነቀምቴ ነበረች፤ ነርሲቱ ግን በነቀምቴ አስታማሚ ሳትሆን ታማሚ ሆነች። ይህን ታሪክ ለእኅቴ ልጅ ስነግራት ዝም ብላ ሰማችኝና፥ «እርሷ ግን ደመወዝ አላስፈለጋትም፥ አጎቴ» አለችኝ። እውነትዋን ነው፤ ምሳሌ ሁሉ አንድ እግሩ አጭር ነው።

የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ የሚል ተረት አለን። ብልህ ተረት ነው፤ ያገሩን ሰው ነገር ያገሩ ተወላጅ እንደሚያውቀው እንግዳ አያውቀውም። ከ1987ቱ ሕገ መንግሥት ወዲህ ክልል የሚለው ቃል በየአፋችን ገብቶ ድንበር ማለት ብቻ የሆነ ይመስላል፤ ነገር ግን ቃሉ ከለለ ከሚለው ግሥ የወጣ ስለ ሆነ፥ ከለላ፥ ማለት ጥላና መጠጊያ የሚባለውም ከዚያው ከአንድ ሥር ነው። በሬውም ቢሆን ሠርዱን ያወቀው ሲወለድ አይደለም፤ በልቶ ነው። ልጅቱ በመጀመሪያው ሳምንት ሌሊት ተረኛ ሆና ሳለ አንዲት ባልቴት ከገጠር መጡ፤ ሆዳቸውን ይዘው «ና ዱኩባ» ይላሉ። አመመኝ ማለት መሆኑን የነገራት የክሊኒኩ ዘበኛ ነው። እርሱው ደግሞ መጠየቂያውን አስተማራት፤ «ኤሳ ሲ ዱኩባ?»፤ የቱ ጋ ነው የሚያምሽ? አራት ዓመት በእንግሊዝኛ የተማረችውን ትምህርት የከፈተላት ይህ የሦስት ቃል ቍልፍ ነው። እየደጋገመች ስትጠይቅ ባልቴቷ በሕመማቸው መካከል በአነጋገሯ ሳቁ፤ እጅዋንም ይዘው ሕመሙ ካለበት ላይ አኖሩት። ግሉኮስ ሰቀለችላቸው፤ ሌሊቱን ሁሉ እየተመላለሰች አየቻቸው፤ ሲነጋ «ገለቶሚ፥ ኢንተላ ኮ» አሏት፤ አመሰግንሻለሁ፥ ልጄ ማለት ነው።

ይህን ስትነግረኝ አንድ ነገር አስተዋልኩ። ያገራችን ሰው ነርሲቱን በስሟ አይጠራትም፤ ሲስተር ይላታል። ቃሉ የባዕድ ነው፤ በአውሮፓ በሽተኛን ያስታምሙ ከነበሩ መነኮሳይያት ተነሥቶ ለሴት ነርስ ሁሉ የተረፈ የማዕርግ ስም ነው፤ ትርጓሜው ግን እኅት ነው፤ አማርኛ የሚናገረውም ኦሮምኛ የሚናገረውም በዚህ በማንኛቸውም ባልሆነ ቃል እኅቴ ይላታል። እኔ እስከ ዛሬ ጥሪ የሚባለው ነገር ሰው ሥራ ከመጀመሩ በፊት በልቡ የሚሰማው ድምፅ ይመስለኝ ነበር፤ ሳሙኤል በሌሊት እንደ ሰማው ዓይነት። እርሷ ያን ድምፅ አልሰማችም፤ ባለመስማቷም ራሷን እንደ አስመሳይ ቈጥራ ተጨንቃለች። ነገር ግን ሳሙኤልም የተጠራው በቤተ መቅደስ እያገለገለ፥ በስፍራው ተኝቶ ሳለ ነው፤ ድምፁንም የሰማ ጊዜ የጠራው ዔሊ መስሎት ነበር። ከአልጋ ቍጥር አራት ሲስተር! የሚል ጩኸት በሌሊት ሲመጣ፥ ያ በቋንቋችን ጥሪ ካልተባለ ሌላ ምን ይባላል? ልጅቱን ወደ ለገዳዲ ያመጣት ሥራ ማጣት ነው፤ ይህን መካድ አያስፈልግም፤ ማጣቱ ያደረሳት ድምፁ ከሚሰማበት ስፍራ ነው። የሰሙ ሁሉ ይነሣሉ ማለቴ አይደለም፤ ሰምቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ የሚያዞር ተረኛ መኖሩን በሆስፒታል የተኛ ሰው ሁሉ ያውቃል።

ባለፈው ሳምንት እንደገና መጣች። ከአገሯ ስልክ ተደውሎላታል፤ በእናቷ ቤት አጠገብ ያለ ጤና ጣቢያ ሰው ሊቀጥር ነው፤ እኅቴም ልጄ ትምጣልኝ ብላ ስለት ተስላለች። «ታዲያ ትሄጃለሽ ወይ?» አልኳት። ዝም አለች። ቡናውን ለማውረድ ከወንበሬ ስነሣ፥ ይህ የክረምት ጠላቴ ጉልበቴ እንደ ልማዱ ከዳኝና ግድግዳውን ያዝኩ። ሲኒውን አስቀምጣ መጣች፤ ከፊቴ ተንበርክካም፥

«ኤሳ ሲ ዱኩባ?» አለችኝ።

የግራውን አሳየኋት።